ዋስ የጠፋበት ገበያ፦ ከአልዩ አምባ እስከ ደብረ ብርሃን

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር መጨረሻ፣ አንድ እሑድ ጧት፣ አጎቴ ከአንኮበር ገጠር ተነሥተው ደብረ ብርሃን ወደሚገኘው ቤቴ መጡ። እንደ ወትሮው ከምርቃትና ከቤተሰብ ወሬ አልጀመሩም። ከጋቢያቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈትተው ሁለት የገብስ ዛላዎች ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና «አንተ ዶክተሩ፣ ትምህርትህ ለዚህ ይበጅ እንደሆነ እስቲ ቁጠርልኝ» አሉኝ። ቆጠርሁ። አንደኛው ዛላ ፍሬው በሁለት ረድፍ የተሰለፈ ነው፤ ሁለተኛው በስድስት። ሁለቱም የተቀጠፉት ከአንድ ማሳ ነው፤ ያውም «የብቅል ገብስ ምርጥ ዘር» ተብሎ በውድ ዋጋ የተገዛ ዘር ከተዘራበት ማሳ።

ለከተሜው አንባቢ ነገሩን ላብራራ። ለቢራ ብቅል ተብሎ በአገራችን ደጋ የሚዘራው ገብስ ባለ ሁለት ረድፍ ነው። ፍሬው እኩል እኩል ስለሆነ ውኃ ሲነከር በአንድ ጊዜ ይበቅላል፤ ብቅል ፋብሪካም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ባለ ስድስት ረድፉ ለእንጀራ፣ ለቆሎና ለጠላ መልካም እህል ቢሆንም ከብቅል ገብስ ጋር ተቀላቅሎ ሲገኝ ተረካቢው ይመልሰዋል። የአጎቴም ምርት ተመለሰ።

በሰኔ ወር አጎቴ የሚጠብቁት የማኅበሩ ዘር አልደረሰም ነበር። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን የተቀሰቀሰው ጦርነት መንገድ በዘጋ ቁጥር ዘሩም ማዳበሪያውም እንደሚዘገይ የሸዋ ገበሬ ያውቀዋል፤ ዝናቡ ግን ማንንም አይጠብቅም። በዚህ መካከል አንድ ነጋዴ ገበያ ላይ ከረጢት ደርድሮ ተገኘ። ከረጢቱ ጽሑፍ የታተመበት፣ አፉም በመኪና የተሰፋ ነው። ገብሱ ደግሞ ተባይ እንዳይነካው መድኃኒት እንደተለወሰ ምርጥ ዘር ቀይ ቀለም ተቀብቷል። አጎቴ አንዲት ጊደር ሸጠው ገዙ። ደረሰኝ አልጠየቁም፤ የሰጣቸውም የለም። ገብሱ ሲያሸት ግን ጉዱ ወጣ። የነጋዴው ስልክ አይነሣም። አቤት ለማለት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ቢሄዱ የተሰጣቸው መልስ «አባት፣ ሲገዙ መጠንቀቅ ነበረብዎት» የሚል ሆነ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ መልስ ነው። የታሪክ መምህር ነኝና አንድ ሰው «መጠንቀቅ ነበረብህ» ሲባል በሰማሁ ቁጥር፣ ለመሆኑ የቀድሞ ሰዎች እንዴት ነበር የሚጠነቀቁት? የሚል ጥያቄ ይመጣብኛል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ምኑን ነው መጠንቀቅ የሚቻለው?

በገበያ የሚቀርብ ዕቃ ነውሩ የሚታወቅበት ጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። የተቀደደ ባና ወይም ሸንካፋ በግ ከሆነ ዓይን ያየዋል፤ ያላየ ገዢ ራሱን ይውቀስ። ቅቤ ሲሆን ትንሽ ይከብዳል። እናቴ ቅቤ ስትገዛ አውራ ጣቷን አስገብታ ታሸታለች፣ ከዚያም ትንሽ ቆንጥራ እጇ ላይ ታቀልጣለች። ሙዝ ወይም የረጋ የአትክልት ዘይት ገብቶበት እንደሆነ ብዙ ጊዜ አታጣውም። ዘር ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። ዘርን የሸጠው ሰው በሰኔ ሄዶ፣ ነውሩ የሚወጣው በመስከረም ነው። በእጅ ቢዳሰስ፣ በጥርስ ቢቆረጠም፣ ባለ ሁለት ረድፍ ይሁን ባለ ስድስት ለመለየት የብዙ ዓመት ልምድ ይጠይቃል፤ ያውም ቀለም ተቀብቶ ሳለ። መድኃኒትም እንዲሁ ነው። የምግብ ዘይትም እንዲሁ ነው። እንዲህ ባለው ዕቃ ላይ «ተጠንቀቅ» ማለት ዕውርን «እያየህ ሂድ» ከማለት አይለይም።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ እንለፍ። ለዚህም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአንኮበር ተራራ በስተምሥራቅ ቁልቁል ሲወርዱ አልዩ አምባ ይገኛል። በ19ኛው መቶ ዘመን የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የሸዋ መንግሥት ከባሕር ጠረፍ ጋር የሚገናኝበት ትልቁ የንግድ በር ይህ ነበር። አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሬውና ከደጋ የሚወርደው አማራ ዓርብ ዓርብ እዚያ ይገበያዩ ነበር። በ1842 እ.ኤ.አ. ቻርለስ ጆንስተን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም እዚያው ተቀምጦ ያየውን ጽፏል፤ ከእርሱ ዓመት ቀድሞ የመጣው የካፒቴን ሐሪስ ልዑክም ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ትቶልናል። በቋንቋ፣ በሃይማኖትና በአገር የሚለያዩ ሰዎች፣ ምናልባትም ዳግመኛ የማይተያዩ ሰዎች፣ እንዴት ተማምነው ይገበያዩ ኖሯል?

በመጀመሪያ ገንዘቡን እንመልከት። የማርያ ቴሬዛ ብር፣ እኛ ጠገራ የምንለው፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት በ1780 እ.ኤ.አ. ከሞተች በኋላ በዚያው ዓመት ቁጥር ሲታተም የኖረ ነው። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ ከዚህም ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። የውጭ ተጓዦች ሁሉ እየተገረሙ (አንዳንዶቹም እየተናደዱ) የጻፉት አንድ ነገር አለ። ሸዌ ብሩን ዝም ብሎ አይቀበልም። ያገላብጠዋል። የንግሥቲቱ የራስ ጌጥ ነጥቦች ተለይተው ይታዩ እንደሆነ፣ የትከሻዋ መያዣ ዕንቁዎች አልተፋፋቁ እንደሆነ አንድ በአንድ ያያል። ደብዝዞ ያገኘውን ይመልሳል። ከዳር እስከ ዳር ባለው ጠርዝ ላይም በላቲን የተቀረጸ ጽሑፍ አለው፤ ትርጉሙም «ፍትሕና ርኅራኄ» ማለት ነው። ጠርዙን ሞርዶ ብር ለመስረቅ የሚሞክር ሰው ጽሑፉን ሳያጠፋ አይችልም። ማንበብ የማይችለው ባላገር የላቲኑን ቃል ባያውቀውም መጉደሉን ያውቀዋል።

ተጓዦቹ ይህን እንደ አላዋቂነት ቆጥረውት ነበር። ለእኔ ግን ይህ በጣም የሠለጠነ የጥራት ቁጥጥር ነው። ምልክቱ ጥቂት ነው፤ ሕፃን እንኳ ሊማረው ይችላል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ገዢውም ሻጩም እኩል ያውቁታል። በነገራችን ላይ በ1935 እ.ኤ.አ. ኢጣሊያ የብሩን ማተሚያ ከቪየና አግኝታ በሮማ ስታትም፣ ቀጥሎም እንግሊዝ በለንደን ስታትም፣ የእኛ ሰው «ማን አተመው?» ብሎ አልተጨነቀም። ነጥቡ ካለ፣ ብሩ ካልጎደለ፣ ይቀበላል። በአንጻሩ ዐፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን መልክ ያለበት ብር በፓሪስ አስታትመው ሲያወጡ፣ የገዛ ንጉሡ ገንዘብ ሆኖ ሳለ ሕዝቡ ለመቀበል አመነታ፤ ጠገራውም ከገበያ ሳይወጣ ብዙ ዘመን ቆየ። በ1937 ዓ.ም. የወረቀት ብር ሲታወጅ እንኳ መንግሥት ሕዝቡን ለማለማመድ ከወረቀቱ ጋር ከብር የተሠራ የ50 ሳንቲም ገንዘብ አብሮ ማውጣት አስፈልጎታል። የባላገሩ እምነት በዐዋጅ የሚገኝ አልነበረም።

አሞሌውም እንደዚሁ ነው። የጨው ገንዘብ ዝናብ ያሟሟዋል፣ ጫፉ ይፈረፈራል። ስለዚህ በልጥ ይታሰራል፤ የተሰበረው ወይም የሟሟው እንደ ጉድለቱ ዋጋው ይቀነሳል። እዚህ ላይ ጭቅጭቅ አይጠፋም፤ ነገር ግን ጭቅጭቁ ሁለቱም በዓይናቸው በሚያዩት ነገር ላይ ነው።

ዓይን ለማያየው ነውርስ ምን ነበራቸው? ዋስ። ወንድ አያቴ በቅሎ ወይም በሬ ሲገዙ፣ እንስሳውን ከሚያዩበት ጊዜ ይልቅ ሻጩን «ዋስ ጥራ» ብለው የሚከራከሩበት ጊዜ ይበልጥ ነበር ይባላል። ዋሱ በአገሩ የታወቀ፣ ርስትና ደጅ ያለው ሰው መሆን አለበት። በሬው የስርቆት ሆኖ ቢገኝ፣ በቅሎዋ የተደበቀ ሕመም ቢኖርባት፣ ሻጩ ቢሰወር ዋሱ ይከፍላል። አዎን፣ ይከፍላል! የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህች ቃል ናት። ዋስ መካሪ አይደለም፤ ምስክርም ብቻ አይደለም። የሌላው ሰው ውሸት ከገዛ በረቱ ከብት ሊያስወጣው የሚችል ሰው ነው። በዚህ ምክንያት ያላወቀውን ሰው ዋስ አይሆንም፤ ዋስ ያጣ ሻጭም ከገበያ እንደ መጣ ይመለሳል። እንግዲህ ገዢው የማያውቀውን የሻጭ ጠባይ ዋሱ ያውቅለታል ማለት ነው። ዕውቀቱ ባለበት ቦታ ዕዳውም ነበር።

ያለፈውን ዘመን ለማሞገስ ብቻ የተነሣሁ እንዳይመስልብኝ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው በአልዩ አምባ አካባቢ ሰው እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር። ለገዢው ዋስ የተጠራለት ገበያ፣ ለተሸጠው ሰው ዋስ አልነበረውም። የዋስ ሥርዓት የሚጠብቀው ዘመድ፣ ርስትና ስም ያለውን ነው፤ ባይተዋሩን፣ ባለ እጁን፣ ብቸኛዋን ሴት እምብዛም አይጠብቅም። ይህን ሳንናገር «አያቶቻችን» እያልን ብናወራ ታሪክ ሳይሆን ተረት ይሆናል።

አሁን ደግሞ አንድ የታወቀ ገዢ እናንሣ። ገዢው የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ናቸው፤ ሻጩ ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ፣ ግጥም ትቶ ነጋዴ የሆነው። ራምቦ በ1885 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከታጁራ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ስለ ሸቀጡ ምንም አልደበቀም። ጠመንጃዎቹ ከ40 ዓመት በፊት ከአውሮፓ ጦር ሠራዊት የተወገዱ ባለ ካፕሱል ሲሆኑ፣ በፈረንሳይና በቤልጂግ ከአሮጌ መሣሪያ ሻጮች ዘንድ አንዱ 7 ወይም 8 ፍራንክ እንደሚያወጣ፣ ለሸዋው ንጉሥ ግን በ40 ፍራንክ ያህል እንደሚሸጥ ጽፏል። ከ2,000 በላይ ጠመንጃ ነው። ሸሪኩ ላባቱ በመካከሉ ሞተበት፤ እርሱ የአፋርን በረሃ አቋርጦ በ1887 እ.ኤ.አ. የካቲት ወር አንኮበር ገባ።

ንጉሡ አልነበሩም። ሐረርን ለመያዝ ዘምተው ነበር። እንጦጦ ላይ ሲገናኙ ግን የገበያው ነፋስ ዞሯል። ምኒልክ ከሐረር የተማረኩ የግብጽ መሣሪያዎች፣ ክሩፕ መድፍ ሳይቀር፣ ይዘው ተመልሰዋል፤ የተሻለ ሬሚንግተን ጠመንጃም በእጃቸው አለ። ያረጀ ባለ ካፕሱል ጠመንጃ እንደ ብርቅ የሚሸጥላቸው ሰው አልነበሩም። ራምቦ ዕቃውን በችርቻሮ እንዳይሸጥ ተከለከለ፤ ጠቅላላው ንጉሡ በቆረጡት ዋጋ ተወሰደ፤ የሟቹ የላባቱ ዕዳ ነው የተባለው ሁሉ ከሒሳቡ ላይ ተቀነሰ፤ የቀረውም በእጅ ሳይሆን ሐረር ላይ ከደጃዝማች መኰንን እንዲቀበል በደብዳቤ ታዘዘለት። ራምቦ እስኪሞት ድረስ ተበደልሁ ይል ነበር። ማን ማንን አታለለ? ሊያታልል የመጣ ሰው ተታለልሁ ብሎ ሲጮኽ መስማት ለታሪክ መምህር ደስ የሚል ነገር ነው፤ ይሁን እንጂ የላባቱን ዕዳ የሚያጣራ ገለልተኛ ዳኛ እንዳልነበረ መካድ አይቻልም። ገዢውም ዳኛውም አንድ ሰው ነበሩ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ምኒልክ ከመታለል የዳኑበት ዘዴ ነው። ብልህነታቸው እንዳለ ሆኖ፣ ከ1879 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አብሯቸው የነበረው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ መሣሪያ የሚያውቅ ሰው ነው። አማራጭ አቅራቢም ነበራቸው፤ ከአንዱ ቢያጡ ከሌላው ያገኛሉ። ገንዘቡንም ዕቃውን ሳያዩ አልለቀቁም። ባለሙያ፣ አማራጭና የክፍያ ሥልጣን ያለው ገዢ ማን ያታልለዋል? (ያም ሆኖ ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ አንድ፣ በጣሊያንኛ ሌላ ሆኖ ተገኝቷል። ጠመንጃን የሚመረምር ባለሙያ የነበራቸው ንጉሥ፣ የጣሊያንኛውን ቃል በጊዜው የሚመረምርላቸው አላገኙም። ዋጋው ዐድዋ ላይ ተከፈለ።) አጎቴ ከሦስቱ አንዱም አልነበራቸውም፤ ሰኔ ላይ አማራጭ የሌለው ገበሬ ነበሩ።

ሕጉን በተመለከተ የጎደለን ብዙ አይደለም። ፍትሐ ነገሥቱ ስለ መሸጥና ስለ መግዛት ራሱን የቻለ አንቀጽ ነበረው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጩ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ገዢውም ዕቃውን እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ሸማች የሚለው ቃል ራሱን ችሎ በዐዋጅ ርእስ ላይ የወጣው በ2002 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 685 ነው፤ እርሱም በ2006 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 813 ተተካ። ይህ ዐዋጅ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ ማግኘትን የሸማቹ መብት አድርጓል፤ ሸማቹ ዕቃ አይቶ ወይም ዋጋ ተከራክሮ ስለተወ ብቻ እንዲገዛ እንዳይገደድ እስከ መደንገግ የደረሰ፣ ሲያነቡት ልብ የሚያሞቅ ሰነድ ነው። አቤቱታ የሚሰማ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣንም አቋቁሞ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የአስፈጻሚ አካላትን ሥልጣን በወሰነው ዐዋጅ ቁጥር 1263 ባለሥልጣኑ ፈርሶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛወረ። በደርግ ዘመን ስለነበረው ብዙ አልናገርም፤ እህሉን በ1968 ዓ.ም. ለተቋቋመው የእህል ገበያ ድርጅት በኮታ የሚያስረክብና ስኳርና ሳሙናውን ከቀበሌ ሱቅ በራሽን የሚቀበል ሰው፣ ሻጩም ገዢውም ከሳሹም ዳኛውም መንግሥት ስለነበር «ሸማች» ለመባልም አልበቃም።

ታዲያ ሕግ እያለ አጎቴ ለምን ባዶ እጃቸውን ቀሩ? የእኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። የቀድሞው ገበያ ዋስን ከሻጩ ይጠይቅ ነበር። ዛሬ ዋስ የምንጠይቀው ከደካማው ወገን ብቻ ነው። የቤት ሠራተኛ ስንቀጥር ተያዥ አምጪ እንላለን። ገንዘብ ያዥ ሲቀጠር ዋስ ይጠራል። እኔ በዶክትሬት ዲግሪዬ ከማኅበር ጥቂት ብር ስበደር ሁለት ባልደረቦቼ ዋስ ሆነው ፈርመውልኛል። ለሺህ ገበሬዎች ዘር ለሚሸጥ፣ ለሺህ እናቶች ዘይት ለሚያቀርብ ነጋዴ ግን «ዋስህ ማን ነው?» የሚል የለም። ምክንያቱም ዋሱ መንግሥት ነው ተብሎ ይታሰባል። የንግድ ፈቃድ ሰጥቷል፣ የጥራት ምልክት ፈቅዷል፣ ማኅተም አድርጓል። እንግዲያው ማኅተም ያደረገ ዋስ ሆኗል፤ ዋስ ደግሞ ሻጩ ሲጠፋ ይከፍላል እንጂ «መጠንቀቅ ነበረብዎት» አይልም። በአያቴ ዘመን እንዲህ ብሎ የመለሰ ዋስ ቢኖር ሁለተኛ ማንም ዋስ ብሎ አይጠራውም ነበር።

ፈቃድ አልባ ነጋዴ ዋሱ መንግሥት አይደለም የሚል ተከራካሪ ይኖር ይሆናል። ይህ ክርክር ሚዛን አያነሣም። ሕጋዊው ዘር በወቅቱ ባለመድረሱ ገበሬውን ወደ ሕገ ወጡ የገፋው፣ ሕገ ወጡም በጠራራ ፀሐይ ከረጢት ሲደረድር ያላየው ማን ነው?

ይህ የገበሬ ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ ወደ 2000 ዓ.ም. ልመልሳችሁ። በዚያ ዓመት በመጋቢት ወር የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በሚሊዮን በሚቆጠር ዶላር የገዛው ወርቅ ከፊሉ ወርቅ የተቀባ ብረት ሆኖ መገኘቱ ተሰማ። ነገሩ የታወቀው ወርቁ ደቡብ አፍሪካ ተልኮ «የላካችሁልን ብረት ነው» ተብሎ ሲመለስ ነው። አቅራቢው ታሰረ፤ ከባንኩ ሠራተኞችም፣ ወርቁን መርምሮ ማረጋገጥ ሥራቸው ከነበረው የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት ኬሚስቶችም የታሰሩ ነበሩ። ሲፈተሽ ደግሞ ቀደም ሲል ወደ ጅቡቲ ሊወጣ ሲል ተይዞ ለዓመታት በካዝና የተቀመጠ ሌላ ወርቅም እንዲሁ ቅብ ብረት ሆነ። ቤተ ሙከራና ካዝና ያለው የአገሪቱ ታላቅ ገዢ ቀለም ተቀብቶ ቀረበለትና ገዛ። አጎቴም ቀለም ተቀብቶ ቀረበላቸውና ገዙ። ባንኩን «መጠንቀቅ ነበረብህ» ብሎ ያሰናበተው አልነበረም፤ ፖሊስ ተላከለት።

በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ የሰዎችን እግር የሚያሳብጥ እንግዳ በሽታ ተነሥቶ ነበር፤ የሞቱም አሉ። ሐኪሞች ሲመረምሩ ምክንያቱ የምግብ ዘይት ሆነ። አርጌሞን የሚባል እሾሃም አረም ዘር ከቅባት እህሉ ጋር አብሮ ተጨምቆ ነበር። እነዚያ እናቶች ዘይቱን በምን ምልክት ይለዩት ኖሯል?

ይህን ሁሉ ስል ጥንቃቄ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ለአጎቴ የነገርኋቸውን ለእናንተም ልንገራችሁ፤ ይጠቅም ይሆናል። ደረሰኝ የማይሰጥ ሻጭ ከሆነ ከፍላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ስሙንና የፈቃድ ቁጥሩን በሁለት ሰዎች ፊት አጽፉ። የዘር ከረጢት ሲሆን የውጪውን ጽሑፍ ሳይሆን የተሰፋበትን ወረቀት ፈልጉ፤ የዝርያው ስም፣ የተመረተበት ዓመት፣ የብቅለቱ መጠንና አምራቹ ካልተጻፈበት ከረጢቱ ማዳበሪያም ሊይዝ ይችል ነበር። ከመዝራታችሁ በፊት 100 ፍሬ ቆጥራችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉና ሳምንት ያህል ቆይታችሁ የበቀለውን ቁጠሩ። ይህ ዝርያውን አይነግራችሁም፤ ሞቶ እንደሆነ ግን ይነግራችኋል። ከሁሉ በላይ ከከረጢቱ አንድ ጭብጥ ከነወረቀቱ አትርፋችሁ አኑሩ፤ አጎቴ ይህን አድርገው ቢሆን ዛላ ቋጥረው አይመጡም ነበር። ለከተማው ሰው ደግሞ፦ ባለፈው ሰሞን አንድ ተማሪዬ «በስሕተት ብር ልኬብህ ነበርና መልስልኝ» የሚል ጥሪ ደርሶት የወር ወጪውን ለማያውቀው ሰው ላከ። መልእክቱን አነበበ እንጂ ሒሳቡን አላየም። አያቶቻችን ብሩን አገላብጠው ነጥቡን ሳይቆጥሩ ኪሳቸው አልከተቱም፤ እኛም ቢያንስ የቀረውን ሒሳብ ሳናይ አንላክ።

የአጎቴ ጉዳይ የትም አልደረሰም። ዘንድሮ በግንቦት ወር ግን አብሬያቸው ገበያ እንድሄድ ጠየቁኝና ሄድሁ። አንድ ወጣት ነጋዴ ከረጢቶቹን ደርድሮ ቆሟል፤ ሰው አክባሪ፣ ንግግር ዐዋቂ ነው። አጎቴ ወረቀቱን አስነበቡኝ፤ ደህና ይመስል ነበር። ከዚያ ቀና ብለው «መልካም፤ ዋስህ ማን ነው?» አሉት። ልጁ መጀመሪያ ቀልድ መሰለውና ሳቀ። ቀጥሎ አፈረ መሰለኝ፣ «አባባ፣ ዛሬ ዋስ የሚባል ነገር የለም፤ ስልኬን ልስጥዎት፣ በፈለጉኝ ጊዜ ይደውሉ» አላቸው። ቁጥሩን ነገረኝ፤ አጎቴም «ደውልለት» አሉኝ። ደወልሁ። ስልኩ እዚያው ልጁ ኪስ ውስጥ ጮኸ።

«ይህማ ያለው ካንተው ኪስ ነው» አሉት አጎቴ፤ «እኔ የጠየቅሁህ ከሌላ ሰው ደጅ የሚገኘውን ነው።»

ያለ ዘር ተመለስን። አጎቴ በሰኔ የዘሩት ከጎረቤታቸው በቁና የተበደሩትን ነባር ገብስ ነው።